በማሰሪያው ሥር የተበላ የአልሙኒየም ሳልባትዮ፦ ይበየድ ወይስ ይቀየር?

ጥያቄ፦ ባለ ገልባጭ፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ከሸዋ ሮቢት አሸዋ ወደ ደብረ ብርሃን የማወጣበት፣ ስመለስም አንዳንድ ጊዜ ሲሚንቶ የምጭንበት ባለ አሥር ጎማ ገልባጭ መኪና አለኝ። መኪናውን የገዛሁት በ2014 ዓ.ም. ሲሆን በጊዜው ያገለገለ ነበር። የነዳጅ ሳልባትዮው አልሙኒየም ነው፤ ቁመቱና ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 110 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ ወደ 400 ሊትር ናፍጣ ይይዛል።

ባለፈው ወር አንድ ማለዳ ረዳቴ መኪናው ካደረበት ቦታ ላይ የምጣድ ያህል የረጠበ መሬት አየና ጠራኝ። ተንበርክኬ ስመለከት ናፍጣው የሚወርደው ሳልባትዮውን ከሻንሲው ጋር ከያዙት ሁለት የብረት ማሰሪያዎች በፊተኛው በኩል ነበር። ደረቅ ሳሙና አሽቼበት ለጊዜው ቀነሰ። በማግስቱ ማሰሪያውን ፈትቼ ባየው፣ ከዚህ በፊት በአንድ ጋራዥ ሲታሰር ከሥሩ እንዲነጠፍ የተደረገው የጆንያ ቁራጭ ከጭቃና ከሲሚንቶ ብናኝ ጋር ተቦክቶ እንደ ሊጥ ሆኗል። እሱን ሳነሣው ደግሞ እንደ እርጥብ ኖራ ያለ ነጭ ነገር በጣቴ ተፋቀ። ጠርጌ ሳየው አልሙኒየሙ የፈንጣጣ ጠባሳ እንዳለበት ፊት ተቦርቡሯል፤ ናፍጣው የሚያነባው ከእነዚያ ጉድጓዶች ከሁለቱ ነው። ከማሰሪያው ውጪ ያለው ገጽ ግን ዛሬም ያብለጨልጫል።

ሦስት ባለሙያ ጠይቄ ሦስት የተለያየ መልስ ሰምቻለሁ። አንዱ በአርጎን ጋዝ ይበየድልህ አለኝ፤ ሁለተኛው በኢፖክሲ ማስቲሽ መድፈን ይበቃል አለኝ፤ ሦስተኛው ደግሞ አልሙኒየሙን ጥለህ ከላሜራ አዲስ አሠራ አለኝ። ቀዳዳዎቹ ሁለት ብቻ ሆነው ሳለ ሙሉውን መጣል አስፈላጊ መሆኑን ማወቅ እፈልጋለሁ። ናፍጣ የነበረበትን ነገር በእሳት መንካቱም ያስፈራኛል። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ በያጅ፣ ጠባሴ

ወንድሜ፣ የምታያቸው ሁለት ቀዳዳዎች ጨርሰው የተበሱት ናቸው፤ ውሳኔው ግን የሚመሠረተው ለመበሳት በተቃረቡት ላይ ነው። ሳልባትዮውን አውርደው፣ ነጩን ዱቄት በፕላስቲክ ወይም በአይዝጌ ብረት ብሩሽ እስከ ንጹሑ ብረት ድረስ አጽዳው፤ ከዚያ በኋላ ሹል ካቻቢቴ ይዘህ በእጅህ ኃይል ብቻ እያንዳንዱን ጉድጓድ ተጫነው። መዶሻ አትጠቀም። በእጅ ግፊት የሚገባ ቦታ ካገኘህ ዛሬ ባያፈስም ከጥቂት ጉዞ በኋላ ማፍሰሱ አይቀርም። ጉድጓዶቹ የተሰበሰቡት በመዳፍ በሚሸፈን አንድ ቦታ ከሆነ ቆርጦ መለጠፍ ያዋጣል፤ ማሰሪያው በዞረበት ሁሉ ከተዘረጉ ግን ብየዳው አንዱን ሲዘጋ አጠገቡ ያለው በሙቀቱ ይከፈታል።

አልሙኒየምን መበየድ ለምን ከባድ እንደሆነ ባጭሩ ልንገርህ። ብረቱ የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ላዩን የሸፈነው የኦክሳይድ ቆዳ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም። ስለዚህ ቆዳው በአግባቡ ካልተነሣ ውስጡ ፈስሶ ይወድቃል፣ ላዩ ግን እንደ ሻንጣ ሆኖ ይቆያል። በአርጎን የምንሠራውና ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የምንጠቀመው ይህንን ቆዳ ለመስበር ነው። የተቦረቦረ ቦታ ላይ ደግሞ ኦክሳይዱ፣ እርጥበቱና ናፍጣው ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚደበቁ ቀጥታ ቀዳዳው ላይ የሚንጠባጠብ ብየዳ አረፋ ይዞ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ሥራ በውሃ ሲፈትሹት እንደገና ያነባል። ትክክለኛው መንገድ የታመመውን ክፍል እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጦ ማውጣትና ተመሳሳይ ውፍረት ያለው 5052 ወይም 5083 የሚባለውን የአልሙኒየም ዓይነት 5356 በሚባለው የብየዳ ሽቦ መበየድ ነው።

የፈራኸውን ነገር መፍራትህ ልክ ነው። ብዙ ሰው ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይደለም፣ አይፈነዳም ይላል። እውነት ነው፣ ናፍጣ እሳት የሚይዝ ተን ለመስጠት ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ ይፈልጋል። ነገር ግን የብየዳው ችቦ ግድግዳው ላይ የቀረችውን ስስ የናፍጣ ሽፋን በቅጽበት ወደ ተን ይለውጣታል፤ ባዶው ሳልባትዮ ውስጥ ደግሞ አየር ሞልቷል። ለዚህ ነው ባዶ ሳልባትዮ ከሞላው የበለጠ የሚያስፈራው። ይህን ሥራ ስማር አብሮኝ የነበረ ልጅ ‘ደርቋል’ ተብሎ የቀረበለትን ታንክ ሲነካ ክዳኑ ተወርውሮ የቀኝ እጁን አጥንት ሰብሮታል፤ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሳልባትዮውን አውርጄ፣ የነዳጅ መለኪያውንና ቧንቧዎቹን ሁሉ ፈትቼ፣ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እያገላበጥኩ ደጋግሜ አጥበዋለሁ። ከዚያ የሚበየደው ቦታ ወደ ላይ እንዲሆን አስቀምጬ፣ ከቦታው ጥቂት ጣት ዝቅ እስኪል ድረስ ውሃ እሞላዋለሁ፤ የቀረችውን ክፍት ቦታ ደግሞ በአርጎን እነፋታለሁ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ክፍት ሆነው ይቆያሉ። ማሽተት ምርመራ አይደለም፤ አፍንጫ ተንን ቶሎ ይለምዳል። ለማጠቢያ ኮስቲክ ሶዳ ወይም በረኪና የሚያቀርብልህ ሰው ካለ አትቀበለው። ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየምን እየበላ የሚቀጣጠል የሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ በረኪናም ጉድጓዶቹን ያባብሳል።

መልስ፦ የቀድሞ የባሕር ኃይል መካኒክ፣ ደብረ ሲና

ልጄ፣ እኔ የጀልባ ሰው ነኝ፤ በወጣትነቴ ምፅዋ ነበርኩ። አሁን ባሕር በሌለበት አገር ብቀመጥም የጻፍከውን ሳነብ የማውቀው በሽታ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አልሙኒየም የማይዝግ የሚመስለው ራሱ የሚያበጃት ስስ ቆዳ ስላለችው ነው። ቆዳዋ ስትጫር አየር ባገኘች ቁጥር ወዲያው ትሽራለች። አየር ከከለከልካትና እርጥበት ካስተኛህባት ግን መሻር ያቅታታል፤ ጉድጓድ የሚጀምረው እዚያ ነው። በጀልባ ላይ የነዳጅ ታንክ ብዙ ጊዜ ከወለሉ ሥር ተደብቆ፣ አንዳንዴም ዙሪያው በስፖንጅ መሰል አረፋ ተሞልቶ ይቀመጣል። ውሃው በአረፋውና በታንኩ መካከል ገብቶ መውጫ ያጣል፤ የባሕር ውሃ ከሆነ ደግሞ ጨውም ይጨመርበታል። ታንኩን አውጥተን ስናየው ላዩ አዲስ ይመስላል፤ ወንፊት ሆኖ የምናገኘው ሆዱ፣ ማለትም የተደገፈበት ቦታ ነው። ‘ከማሰሪያው ውጪ ያለው ገጽ ዛሬም ያብለጨልጫል’ ብለህ የጻፍከው ያንኑ ነው። ዝናብ የሚመታው ነፋስም የሚያገኘው ገጽ ዳነ፤ በጆንያ የተሸፈነው ሞተ።

ያንተ ደግሞ ሲሚንቶ አለበት። እርጥብ ሲሚንቶ እንደ ኖራ የሚያቃጥል ባሕርይ አለው፤ አልሙኒየም ብዙ የማይወደው ነገር ቢኖር ይህ ነው፣ ቆዳዋን ያሟሟታል። ጆንያው የሲሚንቶውን ውሃ እንደ ፋሻ መጦ በማሰሪያው ሥር ሲያቆየው፣ ለዓመታት በመድኃኒት የተነከረ ጨርቅ እንደታሰረበት ቁስል አድርገህ አስበው፤ መድኃኒቱ ግን መርዝ ነው። የብረት ማሰሪያው ራሱም ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኝ ለመበላቱ ያግዛል። የነሐስ ወይም የመዳብ መገጣጠሚያ አልሙኒየሙ ላይ በቀጥታ የተጠመዘዘ ካለ እሱንም ፈትሽ፤ በሁለቱ መካከል የሚበላው ሁልጊዜ አልሙኒየሙ ነው።

አዲስ ብታስገባም ሆነ አሮጌውን ብታሠራ፣ ከማሰሪያው ሥር ውሃ የሚመጥ ነገር አታስገባ። ጆንያ፣ ምንጣፍ፣ ሸራ፣ እንጨት፣ ሁሉም ይቅር። እኛ እንጠቀም የነበረው ውሃ የማይገባው ጠንካራ የፕላስቲክ ንጣፍ ነው፤ ንጣፉም እንዲሁ አይቀመጥም፣ በመሐል ውሃ እንዳይሾልክ ከታንኩ ጋር ውሃ በማያሳልፍ ማስቲሽ ሙሉ ለሙሉ ይጣበቃል። ታንኩ ከሥሩ ነፋስ እንዲያገኝ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ከወለሉ ከፍ ይላል። በመኪናህም ላይ ሳልባትዮው የሚቀመጥበት ድጋፍ ላይ ጭቃ የሚከማችበት ጥግ አለ፤ መኪናውን ስታሳጥብ ውሃው እዚያ በግፊት ይግባ።

ውስጡንም አትርሳ። አንተ በአንድ ቀን ከጣርማበር ብርድ ወደ ሮቢት ሙቀት የምትወርድ ሰው ነህ። ስትወርድ የአየሩ ግፊት ስለሚጨምር ሳልባትዮው በመተንፈሻው በኩል የቆላውን እርጥብ አየር ይስባል፤ ተመልሰህ ደብረ ብርሃን ስታድር ያ አየር በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ላብ ሆኖ ይወርዳል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ሆዱ ላይ ይተኛል፤ በውሃውና በናፍጣው ድንበር ላይ ሻጋታና ባክቴሪያ ይራባሉ፣ አሲድም ያወጣሉ። ስታወርደው ሆዱ ላይ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ታገኝ እንደሆነ ንገረኝ።

መልስ፦ ሾፌር፣ ሸዋ ሮቢት

እኔ በኢፖክሲ ደፍኜ አንድ ክረምት ሙሉ ሠርቼበታለሁ። ናፍጣውን ከቀዳዳው በታች አውርዶ፣ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ በአሴቶን ጠርጎ ወዲያው መለጠፍ ነው። ባዶ ኪስ ይዞ ለሚጨነቅ ሰው ይህም መንገድ እንዳለ እንዲታወቅ ብዬ ነው የጻፍኩት።

መልስ፦ በያጅ፣ ጠባሴ

የሮቢቱ ወንድማችን ያሉት አሠራር ልክ ነው፤ በተለይ ‘ወዲያው’ ያሉትን አድምቄ እደግመዋለሁ፣ ምክንያቱም የታሸ አልሙኒየም ሳይውል ሳያድር አዲስ ቆዳ ያበጃል። ነገር ግን ማስቲሹ የሚይዘው ጠፍጣፋና የማይታሰር ቦታ ላይ ሲሆን ነው። የጠያቂው ቀዳዳ ያለው ማሰሪያው በሚጫነው ቦታ ነው፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ማሰሪያው ያሸዋል። ለአንድ ሳምንት መንገድ ይሆናል፤ ለመኖሪያ አይሆንም። ወደ ውስጥ ፈስሶ ግድግዳውን ይለብሳል ተብሎ የሚሸጠውን ማሸጊያም ከሆነ አልመክርም፤ በቅባትና በኦክሳይድ ላይ በደንብ ስለማይጣበቅ ቆይቶ ተልጦ ፊልትሮ ይደፍናል።

ጠያቂው፦ ባለ ገልባጭ፣ ደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ሳልባትዮውን አወረድኩት። በፊተኛው ማሰሪያ ሥር ካቻቢቴው በእጄ ግፊት ብቻ አምስት ቦታ ገባ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ከዚህ በፊት አንዲት ጠብታ ያላፈሰሱ ናቸው። ከኋለኛው ማሰሪያ ሥር ካቻቢቴው ባይገባም ጉድጓዱ በጥፍር ይታወቃል። ጋሼ፣ የተናገሩት ዝልግልግ ነገርም ነበር፤ ሆዱ ላይ ከቀረው ናፍጣ ጋር በብርጭቆ ቀድቼ ባስቀምጠው ከሥር ሁለት ጣት ውሃ፣ በላዩ እንደ ተልባ ውሃ የሚለጠጥ ቡናማ ነገር፣ ከዚያ በላይ ናፍጣ ሆኖ ተለየ። በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ያቆመኝ የፊልትሮ መደፈን መነሻው ይኸው ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ መቀየሩን ወስኛለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ከላሜራ ይሠራ ወይስ እንደገና ከአልሙኒየም የሚለው ነው፤ አዲሱ ከመገጠሙ በፊት በምን እንደሚፈተሽም ብትነግሩኝ።

መልስ፦ በያጅ፣ ጠባሴ

በአንተ ልክ ሳሰላው የሳልባትዮው ጠቅላላ ገጽ ከ3.3 ካሬ ሜትር ጥቂት ያልፋል። በ3 ሚሊ ሜትር አልሙኒየም ቢሠራ ግድግዳው ወደ 27 ኪሎ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቢሠራ ደግሞ ወደ 53 ኪሎ ይመዝናል። ለገልባጭ መኪና 26 ኪሎ ልዩነት ያን ያህል አይደለም፤ ስለዚህ በክብደት አትወስን። ላሜራ በማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራል፣ መንገድ ላይ ቢጎዳም ጠጋኝ አታጣም። ጉዳቱ፣ አንተ በምትሠራበት መንገድ ሳልባትዮው ውስጥ ውሃ የሚጠራቀም ስለሆነ ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱም ወደ ፖምፓና ወደ ኢንጀክተር ይሄዳል። ዝገቱን እንዲቋቋም ብለው ዚንክ የተቀባ ላሜራ እንዳያስገቡልህ ተጠንቀቅ፤ ናፍጣ ዚንኩን ቀስ በቀስ እያሟሟ ፊልትሮ የሚደፍን ቅባት መሰል ነገር ያበጃል። የእኔ ሐሳብ አልሙኒየም ነው፤ የሞተው በጆንያውና በሲሚንቶው እንጂ በራሱ ድክመት አይደለም። ውስጡ ናፍጣው እንዳይናወጥ የሚያደርጉ ሁለት ማዕበል ሰባሪ መጋረጃዎች ይኑሩት፣ ሆዱ ወደ አንድ ጥግ ትንሽ ያዘንብል፣ በዚያ ጥግ የውሃ ማውጫ ቡሎን ይግባ።

ፍተሻውን በኮምፕሬሰር ብቻ ለማድረግ የሚሞክር ሰው ብዙ ሳልባትዮ እንደ ከበሮ ነፍቷል። በጀልባ ታንክ የተለመደው የፍተሻ ግፊት 0.2 ባር ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፤ ትንሽ ይመስላል፣ 60 በ60 በሆነው ጎን ላይ ግን ከ700 ኪሎ በላይ ይጫናል ማለት ነው። የአንተ ሳልባትዮ ጢም ብሎ ሲሞላ ሆዱ ላይ የሚያርፈው ግፊት ከ0.05 ባር ጥቂት ቢልቅ ነው፤ ስለዚህ 0.1 ባር በቂ ነው እላለሁ። ይህን ለመለካት ግንበኞች ልክ የሚያወጡበትን ያንን ነጭ የውሃ ጎማ ተጠቀም። ጎማውን እንደ እንግሊዝኛው ዩ (U) ፊደል አጥፈህ ግድግዳ ላይ እሰረው፣ እስከ ግማሹ ውሃ ሙላው፣ አንዱን ጫፍ ከሳልባትዮው ጋር አገናኝ፣ ሌላውን ክፍት ተወው። አየር ቀስ እያልክ ስታስገባ በሁለቱ ክንድ መካከል ያለው የውሃ ልዩነት 1 ሜትር ሲደርስ 0.1 ባር ሆኗል። ክፍት የሆነውን ጫፍ ከዚያ ጥቂት ከፍ አድርገህ ብትቆርጠው፣ ግፊቱ ሲያልፍ ውሃው ተገፍቶ ይወጣል እንጂ ሳልባትዮው አያብጥም። ከዚያ ብየዳውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቅባው። ፍተሻው በጥላ ይሁን፤ ፀሐይ ካገኘው ውስጡ ያለው አየር ሞቆ ውሃውን ስለሚገፋው የሚያፈሰው ደህና ይመስልሃል።

መልስ፦ የቀድሞ የባሕር ኃይል መካኒክ፣ ደብረ ሲና

በያጁ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ማታ ስታቆም ሳልባትዮውን ጎዶሎ አታሳድረው። በኅዳርና በታኅሣሥ አመዳይ በሚጥልበት አገር የሚያድር ሳልባትዮ፣ ናፍጣ የያዘው ቦታ አያልበውም፤ የሚያልበው አየር የያዘው ቦታ ነው።

ጠያቂው፦ ባለ ገልባጭ፣ ደብረ ብርሃን

ሥራው ስላለቀ ውጤቱን ልጻፍ። ከ5052 በ3 ሚሊ ሜትር ተሠራ። በፍተሻው ቀን ከመለኪያው መቀመጫ ዙሪያ አንዲት አረፋ እንደ ዓሣ ዓይን ብቅ ብላ ቆመች፤ ተበይዳ ሁለተኛ ሲፈተሽ ውሃው ለግማሽ ሰዓት ከምልክቱ ንቅንቅ አላለም። ከማሰሪያዎቹ ሥር ጋሼ እንዳሉት የፕላስቲክ ንጣፍ በማስቲሽ አጣበቅን፤ ማሰሪያዎቹንም ዝገታቸውን አራግፈን ቀባናቸው። አሮጌው ሳልባትዮ ታጥቦ በውሃ እንደተሞላ ጎኑ ተቀዶ ነው ለቁራሌ የተሰጠው፤ ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ‘ጠግኑልኝ’ ተብሎ እንዳይቀርብ ብዬ ነው።

ከሦስት ጉዞ በኋላ የማውጫውን ቡሎን ጠዋት ላይ ላላ አድርጌ በብርጭቆ ብቀዳ የቡና ማንኪያ የማትሞላ ውሃ ወጣች፤ ቡናማው ነገር የለም። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም፣ የፊተኛውን ማሰሪያ ፈትቼ ከሥሩ ያየሁትን እዚሁ እጽፋለሁ።